ቀበናን ያላየ መጽሐፍ

አንድ መጽሐፍ አለን፣ ለሰማኒያ አራት ልጅ፤
እሱም አይሻገር ከንባብ ክፍሉ ደጅ።
ጀርባው በፕላስተር ታሽጎ የቆመ፣
የጎርፍ ምዕራፍ ላይ ክፉኛ የታመመ፦
ከሁለት መቶ አሥር
ወደ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ይዘላል።
ማን ገነጠለው ብዬ አልጠይቅም፤
እኔም በጊዜዬ፣ የፈተና ሰሞን፣
ምላጭ በካልሲዬ ሸሽጌ ገብቻለሁ።

የአዲሱን እትም ዋጋ ወደ ብር ስመልሰው
የሁለት ወር ደሞዜ አነሰው።

ከአምስት ኪሎ ግቢ በር ማዶ፣ የሙዘይን ፎቶ ኮፒ።
«መምህር፣ የተሰረቀው አለ» ይለኛል ዝቅ ባለ ድምፅ፣
ፍላሹን በመዳፉ ሸፍኖ፤
«ትንሽ ደብዘዝ ይላል እንጂ ሙሉ ነው።»
አልፈረድኩበትም። ግን ክፍል ገብቼ
«ምንጭ ጥቀሱ!» ብዬ የምጮህ ሰው
የራሴን ምንጭ ምን ብዬ ልጥቀሰው?

ማታ፣ ቢሮው ሲራቆት፣ መስመሩ ይፈጥናል።
«ነጻ» ብዬ ጻፍኩ፤ ነጻ ሞልቶ ተርፏል፦
ነጻ ነው፣ በሩ ላይ የካርድ ቁጥር ይጠይቃል፤
ነጻ ነው፣ ከመግቢያው ቀጥሎ ያልቃል፤
ነጻ ነው፣ «አገርዎን ይምረጡ» አለኝ፣
ከዝርዝሩ ውስጥ አገሬን አጣሁ።
ከታች ጋሽ ደበሌ፣ ዘበኛው፣ ይጣራል፦
«ማነው እስካሁን መብራት ያበራ?»

በዘጠነኛው ሌሊት አንድ መጽሐፍ መጣ፤
ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል፦
«ውሰድ። አባዛ። ተርጉም። ቀይር።
የጻፈውን ሰው ስም ብቻ አትሰውር።»
ሦስቴ አነበብኩት፣ ወጥመዱን ፍለጋ፤
እኔ ባደግኩበት ሰፈር
በነጻ የሚሰጥ ምክር ብቻ ነበር።

ጥሩ መጽሐፍ ነው። ክረምታችንን ግን አያውቅም።
ምሳሌ ሦስት፦ «በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ…»
በረዶ ለልጆቼ ቆርቆሮ ደብድቦ
ሻይ እስኪፈላ እንኳ የማይቆይ እንግዳ ነው።
ቀይር ብሎ የለ? ቀየርኩ።
የሰው አገር ወንዝ አስወጥቼ ቀበናን አስገባሁ፤
የሐምሌን ከፍታ ከአሮጌ ሪፖርት ቀዳሁ።

ሙዘይን ሰማኒያ አራቱን ጠርዞ፣
«ይሄስ የማን ነው?» አለኝ።
«ተፈቅዷል።»
«ማን ፈቀደ?»
የሩቅ ሰው ስም አሳየሁት። ፊደል ቆጥሮ አነበበ፤
«አላህ ይስጠው» አለና
የወረቀቱን ብቻ አሰበ።

ኢክራም ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።
«መምህር፣ ይሄ ልክ አይደለም።»
«ቀመሩ?»
«አይ፣ ቀበናው።
ይህን ያህል ብቻ ቢሆን እኛ ቤት ባልገባ።»

ቅዳሜ ሜትር ይዘን ወረድን፣ ስምንት ሆነን።
የበሩ መቃን ላይ በምስማር የተጫረ መስመር፣
አምስት፣ ስድስት፣ አንዱ ባንዱ ላይ፤
የጎርፍ ቁመትና የልጆች ቁመት ተደባልቆ።
አባቷ በጣቱ ለየልን፦
«ይሄ ውሃው ነው። ይሄ ኢክራም፣ በሰባት ዓመቷ።
ይሄ ውሃው። ይሄም ውሃው።»
የላይኛውን ለካን፤ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሁለት።
በሪፖርቴ ቢሆን ደፉንም ባልረገጠ።

ምሳሌ ሦስትን እንደገና ጻፍኩት።
ከደራሲዎቹ ግርጌ አንድ ስም ጨመርኩ፦
ኢክራም ሱልጣን፣ ከቀበና።
ወደመጣበት ልልከው ስል መብራት ጠፋ፤
በማግስቱ ላክኩት።

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ አሁንም የለም።
ግን አንድ ቀን፣ በረዶ አገር ያለ አስተማሪ
እዚያ ምሳሌ ላይ ደርሶ ግራ ይገባው ይሆናል፤
ይህ ደግሞ የምን ወንዝ ነው፣ የምን የበር መቃን ብሎ።
ይቀይረው። ተፈቅዷል።
የልጅቷን ስም ግን አይሰውር።